ሪፖርቱን ቤትህ ገብተህ ጻፍ!

ሰሞኑን በሚስትሪ ሾፒንግ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚለዋወጡት ምክር አንድ ዓይነት ሆኗል። «ሪፖርቱን ቤት ይዘህ አትሂድ። ስልክህን አውጣ፣ መኪናህ ውስጥ ቁጭ በል፣ ከግቢው ሳትወጣ ሞልተህ ላክና ወደሚቀጥለው ሂድ።» ላኪዎቹ ኩባንያዎች ይህንኑ ይላሉ። ስኬጁለሮቹም (ሥራውን የሚያድሉን ሰዎች ማለቴ ነው) ይህንኑ ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን ልል ነው የመጣሁት። ማስታወሻህን በስልክህ ያዝ፣ ፎቶህን አንሳ፣ ሰዓትህን መዝግብ፤ ሪፖርቱን ግን ቤትህ ገብተህ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ ሻይህን ይዘህ ጻፍ። ኋላ ቀር ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ከዚያ በሉኝ።

ሥራውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አሜሪካን አገር አንድ ሱቅ፣ ሬስቶራንት፣ ባንክ፣ ሆቴል፣ ነዳጅ ማደያ ወይም ፓርኪንግ ሠራተኞቹ ደንበኛን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ማወቅ ሲፈልግ ለሌላ ኩባንያ ይከፍላል። ያ ኩባንያ ደግሞ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ተራ ሰው ይልካል። ተላኪው ደንበኛ መስሎ ይገባል፤ ቡና ያዛል፣ ጫማ ይለካል፣ አካውንት ስለመክፈት ይጠይቃል። ሲወጣ ፎርም ይሞላል። በስንት ሰከንድ ሰላም ተባልክ? ካሸሯ ስሟ የተጻፈበት ባጅ አድርጋለች? ዓይንህን አይታ አነጋገረችህ? «ሌላ የምጨምርልዎ አለ?» አለችህ? ደረሰኝ ሰጠችህ? ሽንት ቤቱ ሳሙና ነበረው? ለዚህ ጥቂት ዶላር ይከፈለዋል፤ የበላበት ወይም የገዛበት ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይመለስለታል። ይህን ሰው «ስውር ደንበኛ» እያልኩ እቀጥላለሁ። (አንድ ጓደኛዬ «ጆሮ ጠቢ በለውና ተገላገል» ብሎኛል። ወደሱ እንመለሳለን።)

ይህ ታዲያ እኛን ምን አገባን? ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋን የምታውቁ ሰዎች መልሱን ታውቁታላችሁ። ዳውንታውን ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ የተቀመጠው ማነው? ነዳጅ ማደያው ውስጥ ሌሊት የሚያድረው ካሸርስ? ኤርፖርት ቡና የምትቀዳዋ፣ ሆቴል ፊት ዴስክ የቆመችው? የእኛ ሰው በዚህ ሥራ ሁለት ቦታ ላይ ይገኛል። አንዳንዱ ሁለተኛ ሥራ አድርጎት ስውር ደንበኛ ሆኖ ይሄዳል፤ እኔም አንዱ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ብዙው ግን ከመስኮቱ ወዲያ በኩል ነው። የሚታየው፣ የሚለካው፣ ነጥብ የሚሰጠው እሱ ነው። የምጽፈው ሁለቱንም ወገን እያየሁ ቢሆንም ለሁለተኛው እንደማደላ አልደብቅም።

ሥራው አዲስ አይደለም። ስሙን በ1940ዎቹ ያወጣለት ዊልማርክ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው ይባላል። ያኔ የሚላከው ሰው ፈገግታ ለመቁጠር ሳይሆን ሌባ ለመያዝ ነበር፤ ካሸሩ ብሩን ሳጥኑ ውስጥ ነው ወይስ ኪሱ ውስጥ የከተተው? ዛሬም በፓርኪንግ ሥራ ስውር ደንበኛ ከሚላክባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ካሽ ከፍለህ ደረሰኝ ይሰጥህ እንደሆነ ማየት። ኔቫዳ ግዛት ሥራውን በግል መርማሪዎች ሕግ ሥር አድርጋ፣ ይህን የሚሠራ ሰው ፈቃድ ባለው ድርጅት ሥር ካልተመዘገበ አይሆንም ስትል ኖራለች። ሳቅ ብሎ የሚያልፍ ይኖራል፤ እኔ ግን ኔቫዳ ነገሩን በትክክለኛ ስሙ የጠራችው ይመስለኛል። የሰው እንጀራ የሚነካ ወረቀት የሚጽፍ ሰው መርማሪ ነው። መርማሪ ደግሞ መኪና ውስጥ ቺፕስ እየበላ በአውራ ጣቱ አይፈርድም።

ድሮ ሪፖርቱ በወረቀት ይሞላና በፖስታ ወይም በፋክስ ይላክ ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ ቤት ገብቶ ኮምፒውተር ላይ መሙላት ሆነ። የሙያው ዋና ጥበብ ሽንት ቤት ገብቶ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ማስታወሻ መጻፍ ነበር፤ በአንድ ምሳ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት የተመላለሰ ሰው ካያችሁ ወይ ታሟል ወይ ሪፖርት ይጽፋል። ከዚያ አይፎን በ2007 ወጣ፣ የአፕ ገበያው በ2008 ተከፈተ። በ2010 ፊልድ ኤጀንት የተባለ ድርጅት ከአርካንሶ ግዛት፣ ከዋልማርት ዋና መሥሪያ ቤት ብዙም ሳይርቅ ብቅ አለ። በ2011 ጊግዎክ ከካሊፎርኒያ ተከተለ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ሐሳባቸው አንድ ነው፤ በአካባቢህ ያለውን ሥራ በስልክህ ታያለህ፣ ትሄዳለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ ጥቂት ጥያቄ ትመልሳለህ፣ ጥቂት ዶላር ታገኛለህ። የድሮዎቹ ላኪ ኩባንያዎችም አፕ አፕ እያሉ ተከተሏቸው።

የስልክ ወገኖች ክርክር ደካማ አይደለም፤ ስለዚህ በደንብ ላቅርብላቸው። አንደኛ፣ ሰው ይረሳል ይላሉ። እውነት ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናቱ ትርጉም የለሽ ቀለሞችን እየሸመደደ ራሱን ፈትኖ ነበር። እንደገና ለመሸምደድ በሚቆጥበው ጊዜ ሲለካው ከ20 ደቂቃ በኋላ የቀረው 58 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ ገደማ ነበር። ሁለተኛ፣ ሳይሄድ የሄደ አስመስሎ የሚጽፍ ውሸታም አለ፤ ስልኩ ግን የቆምክበትን ቦታና ሰዓት ስለሚመዘግብ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሬስቶራንት መገምገም ቀረ። ሦስተኛ፣ ስልክ የሚነካካ ሰው ማንም አይጠረጥረውም፤ የዛሬ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ነው። ሦስቱንም እቀበላለሁ። በተለይ ሁለተኛውን፤ ሳይሄድ የሚጽፍ ሰው በማያውቀው ሠራተኛ ላይ ነው የሚዋሸው።

ግን አስተውሉ። ሦስቱም ክርክሮች የሚያስረዱት ለምን በስልክ መመዝገብ እንዳለብን ነው። ለምን በስልክ መፍረድ እንዳለብን አንዳቸውም አያስረዱም። 5፡41 ገባሁ፣ 5፡44 ተስተናገድኩ፣ ባጁ አልታየኝም፣ ደረሰኙ ይኸው፤ ይሄ ምዝገባ ነው፣ እዚያው ይመዝገብ። «ሠራተኛው ለደንበኛ ትኩረት አይሰጥም» ማለት ግን ማስታወስ አይደለም፤ ፍርድ ነው። የኤቢንግሃውስ ቁጥር ራሱ ለእኔ ይመሰክራል። ትልቁ መርሳት ያለው በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ማግስቱ የሚጠፋው አሥር በመቶ ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በማስታወሻ ካዳንካቸው በጥድፊያ የምታተርፈው ነገር የለም። ደግሞም ሰውየው የሸመደደው ትርጉም የለሽ ቀለም ነው። እናንተ የምትገመግሙት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው።

አሁን ወደ አንድ ሪፖርት ልውሰዳችሁ። ዳውንታውን ዲሲ፣ የቢሮ ሕንፃ ሥር ያለ ፓርኪንግ። እዚያ የሚሠሩ አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፤ ጋሼ ልበላቸው። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሠርተዋል። በጥር ወር አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ አንድ ወረቀት አሳያቸው፤ ኮፒውን ለምነው ወሰዱ፣ እኔም አየሁት። ጉብኝቱ ያበቃው 5፡49 ከሰዓት በኋላ ነው። ሪፖርቱ የተላከው 5፡53 ነው። አራት ደቂቃ! ሃያ ሁለት ጥያቄ በአራት ደቂቃ። ሰላምታ በ30 ሰከንድ ውስጥ፣ «የለም»። ፈገግታ፣ «የለም»። ባጅ፣ «የለም»። አመሰግናለሁ ማለት፣ «የለም»። አስተያየት በሚለው ቦታ አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ «ሠራተኛው ትኩረቱ ሌላ ቦታ ነበር»።

ትኩረታቸው በእርግጥ ሌላ ቦታ ነበር። የቢሮ ሰው የሚወጣበት ሰዓት ነው። መውጫው ላይ ያለው ማሽን የአንዲት ሴትዮ ካርድ አልቀበልም ብሎ በሩ አልነሳ ብሏል፤ ከኋላዋ ስድስት መኪና ቆሟል፤ ሦስቱ ክላክስ ይዘዋል። ጋሼ ከቡዙ ወጥተው በእጃቸው በሩን እያስነሱ፣ በመሃል ገንዘብ እየተቀበሉ ነበር። ባጁ አለ፤ ግን የጥር ብርድ ነው፣ ከጃኬቱ ሥር ነው ያለው። ስውር ደንበኛው ከስድስቱ መኪናዎች በአንዱ ውስጥ ነበር። ይህን ሁሉ አይቷል፤ አለማየት አይችልም። ታዲያ የት ይጻፈው? ፎርሙ ላይ «ማሽን ተበላሽቶ ነበር ወይ?» የሚል ሳጥን የለም። አራት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ያለ ሳጥን የሚጻፍ ነገር የለም።

የቅዳሜና እሑድ ሺፍታቸው ተቀነሰ። «ጋሼ፣ እርስዎ ታዲያ ምን አሏቸው?» አልኳቸው።

«ለማን ልበል ልጄ? ወረቀቱን ያሳየኝ ሰውዬም እኮ እሱ አልጻፈውም።»

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ሰነፍ ሰው ቤቱም ገብቶ ያንኑ ይጽፋል፤ ጥፋቱ የሰውየው እንጂ የስልኩ አይደለም።» እሺ፣ ሰነፍ ሰው ሰነፍ ነው። ግን እኔ ይህን ሥራ ስጀምር በኮምፒውተር የምሞላው ፎርም ለእያንዳንዱ «የለም» ማብራሪያ ይጠይቀኝ ነበር። ሳላብራራ ስልክ፣ በማግስቱ ከላኪው ኩባንያ ኤዲተር ኢሜይል ይመጣል፤ «ሰላም አላለም ብለሃል፤ በዚያ ጊዜ ምን እያደረገ ነበር?» ትላለች። ይህቺ ጥያቄ ነች እንግዲህ ነገሩ ሁሉ። ምን እያደረገ ነበር? ይህ ጥያቄ ለጋሼ ሪፖርት ቢቀርብ ኖሮ መልሱ ውስጥ ማሽኑም፣ ሴትዮዋም፣ ክላክሱም ይገቡ ነበር። ዛሬ በስልክ የምሞላቸው ፎርሞች ውስጥ የዚህ ጥያቄ ቦታ እየጠበበ ሄዷል፤ በአውራ ጣት ረጅም ነገር መጻፍ ስለማይመች ጥያቄዎቹ ራሳቸው አጠሩ። አዎ ወይም የለም። አንድ ኮከብ ወይም አምስት ኮከብ። ስልኩ ሪፖርቱን የምንጽፍበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ሪፖርቱ ምን ሊል እንደሚችልም ለወጠው።

ሌላም አለ። ሰው ከአንድ ቦታ እንደወጣ ስሜቱ ትኩስ ነው። አንዱ ርቦት ነበር፣ አንዱ ተራ ሲጠብቅ ቆሞ እግሩ ዝሏል፣ አንዱ ከሚስቱ ጋር በስልክ ተጣልቶ ነው የገባው። ያ ሁሉ ካሸሯ ላይ ይወርዳል። ሁለት ሰዓት ቆይተህ ማስታወሻህን ስታየው «ልጅቷ እኮ ብቻዋን ነበረች፤ መስመሩ እስከ በር ነበር» ትላለህ። ይህ በእኔ ላይ ስንት ጊዜ እንደደረሰ ልቆጥረው አልችልም፤ ብዙ ጊዜ ቤት ገብቼ ያሰብኩት ፍርድ መኪና ውስጥ ካሰብኩት ለሠራተኛው የተሻለ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የባሰ ነው። የባሰውም ቢሆን የታሰበበት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን አፍሳሹ ሌላ፣ ለቃሚው ሌላ።

ጆሮ ጠቢ ወዳለው ጓደኛዬ ልመለስ። እኔ ስሙን አልወደውም፤ ግን ለምን እንደሚያሳምም ይገባኛል። በኢሕአዴግ ዘመን አገር ቤት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ግምገማ የሚባለውን ነገር ያውቀዋል። ማን ይወደዋል? ስንቱ የግል ቂሙን ተወጥቶበታል። ሆኖም ግምገማ ላይ እንኳ ተገምጋሚው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ ማን ምን እንዳለው በጆሮው ይሰማል፤ ተነስቶ «ሐሰት ነው» ይላል፤ አይሰሙትም ይሆናል፣ ግን ይላል። ከዚያ በፊት በነበረው የአባቶቻችን ሙግት ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው «ተጠየቅ» ይባባሉ ነበር። ስውር ደንበኛ የጻፈበት ሠራተኛ ግን የሚጠይቀው ከሳሽ የለውም። ከሳሹ በ5፡53 ልኮ፣ በ5፡54 መኪናውን አስነስቶ ሄዷል። ስሙም አይነገርም። ይህ ድሮም የነበረ ችግር ነው፣ ስልክ አላመጣውም። ግን ድሮ በመካከል ኤዲተር የምትባል ሰው ነበረች፤ ሠራተኛውን ባታውቀውም ስለሱ የምትጠይቅ እሷ ነበረች። ፍጥነቱ ከሁሉ በፊት የበላው እሷን ነው።

የብሪታንያ የገበያ ጥናት ማኅበር ለአባላቱ ባወጣው መመሪያ ሠራተኞች በስውር ደንበኛ ሊታዩ እንደሚችሉ አሠሪያቸው አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል ይላል። መልካም ነው። እዚህ ግን የጠየቅኳቸው የፓርኪንግ ሠራተኞች አብዛኞቹ ስለ ነገሩ የሰሙት ወረቀቱ ሲመጣባቸው ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ፤ ምክንያቱም «ስልክ ለስውር ደንበኛው ምቾት ነው» የሚባለው ነገር እኔን ከሁሉ በላይ ያናድደኛል። ምቾቱን አልክድም። ልጇን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ቆማ የምትጠብቅ እናት በዚያች ደቂቃ አንድ ፎርም ብትጨርስ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ምቾት ሆኖ የገባው ነገር ግዴታ ሆኖ ተቀመጠ። ትናንት «እዚያው ልትጨርሰው ትችላለህ» ነበር፤ ዛሬ በእኔ ስልክ ላይ ያለ አንድ አፕ ከግቢው ርቄ ከሄድኩ ፎርሙን ይዘጋብኛል። ክፍያውም አብሮ ወረደ፤ «አሥር ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ሥራ» ተብሎ የአሥር ደቂቃ ዋጋ ይለጠፍበታል። መንገዱ ግን አይቆጠርም። እስኪ እናስላው። 8 ዶላር የሚከፍል ሥራ ስድስት ማይል ሄደህ ስድስት ማይል ትመለሳለህ እንበል። የአሜሪካ ገቢዎች መሥሪያ ቤት በ2025 ለሥራ ለተነዳ አንድ ማይል የፈቀደው ሒሳብ 70 ሳንቲም ነው። አሥራ ሁለት ማይል 8 ዶላር ከ40 ይሆናል። እንግዲህ በመንግሥት ሒሳብ ከተሄደ ሠርተህ 40 ሳንቲም ጨምረህ ወጣህ ማለት ነው! ስልኩም የራስህ፣ ኢንተርኔቱም የራስህ። ተቀጣሪ አይደለህምና ኢንሹራንስ ምናምን የሚባል ነገር አይታሰብም። እንዲህ ያለ ሰው ቀኑን ለማብቃቃት ስምንት ቦታ መሮጥ አለበት፤ የሚሮጥ ሰው ደግሞ አራት ደቂቃ ይበዛበታል። የጋሼን ሪፖርት የጻፈው ሰው ክፉ ነው ብዬ አላምንም። የሚቀጥለው ቦታ ሰዓቱ እያለፈበት ነበር ብዬ ነው የማስበው።

(በነገራችን ላይ፣ ሥራው ገና ሳይጀመር ቼክ ልኮላችሁ «ባንክ አስገቡና ጊፍት ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን ላኩልኝ» የሚላችሁ ስውር ደንበኛ ቀጣሪ ሌባ ነው። ቼኩ ባዶ ነው፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። አዲስ መጥታችሁ ሥራ የምትፈልጉ ልጆች ይህን ለወዳጆቻችሁ አስተላልፉ።)

ስልኩ ካሜራና መቅጃ መሆኑንም አትርሱ። ዲሲ ውስጥ አንድ ሰው የሚሳተፍበትን ንግግር ራሱ ቢቀዳ ሕጉ አይከለክለውም። ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ሰሜን ነድቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገባ ግን ሜሪላንድ ነው፤ እዚያ የግል ንግግርን ያለ ተናጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ነው። አንድ ጎዳና፣ አንድ ስልክ፣ ሁለት ሕግ። አፑ ይህን አይነግርህም፤ ብትከሰስ የምትከሰሰው አንተ ነህ። ፎቶውም የት እንደሚደርስ አታውቅም። በ2021 ዎል ስትሪት ጆርናል ፕሪሚስ ስለተባለ፣ በየአገሩ ሰዎችን በጥቂት ክፍያ ፎቶ ስለሚያስነሳና ጥያቄ ስለሚያስመልስ አፕ ጽፎ ነበር፤ ከተሰበሰበው መረጃ ለአሜሪካ ጦር የሚውል እንደነበር፣ ሰብሳቢዎቹ ግን እንደማያውቁ ዘግቧል። የሻምፑ መደርደሪያ ፎቶ ሁሉ ለጦር ይሄዳል እያልኩ አይደለም። በችኮላ የሚላክ ነገር «ለማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም ለማለት ነው።

ቃል በቃል እየነዱ የሚሞሉትን ግን ምን እላቸዋለሁ? ቀይ መብራት ላይ አንድ ጥያቄ፣ በሚቀጥለው መብራት ሌላ ጥያቄ! ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ዲሲ ከ2004፣ ሜሪላንድ ከ2010፣ ቨርጂንያ ከ2021 ጀምሮ ክልክል ነው። ቅጣቱ የስምንት ዶላሩን ሥራ ስንት እጥፍ እንደሆነ የተቀጣችሁ ታውቃላችሁ።

ምን ይደረግ ነው የምለው? ላኪ ኩባንያዎች አፓቸውን ይጣሉ አልልም። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ደረሰኙን፣ ፎቶውን እዚያው ይውሰዱ፤ በዚህ ውሸታሙን ይያዙት። የፍርዱን ክፍል ግን ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይዝጉት። አሁን ከግቢው ስወጣ ፎርሙን መዝጋት የቻለ አፕ እስክወጣ ድረስ ቆልፎ ማቆየት አያቅተውም፤ ቴክኒኩ ያው ነው፣ ሲገለበጥ ነው። ለእያንዳንዱ «የለም» ያቺ የኤዲተሯ ጥያቄ ትመለስ፤ ምን እያደረገ ነበር? ለሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ይክፈሉ። ነፃ ነገር እየጠየቅኩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፈጣኑ ሪፖርት ርካሽ የሆነው ልዩነቱን ጋሼ በሺፍታቸው ስለከፈሉት ነው። ሪፖርቱን የሚገዙት አሠሪዎች ደግሞ ኮፒውን ለሠራተኛው ይስጡ፣ መልሱንም በዚያው ወረቀት ሥር ይጻፉለት፣ በአንድ ሰው የአንድ ቀን ምልከታ ብቻ ሺፍት አይቀንሱ፣ ሰው አያባርሩ። ይህን የሚፈራ አሠሪ ሪፖርቱን የሚፈልገው ለማሻሻል ሳይሆን ለሌላ ነገር ነው።

ይህን እስኪያደርጉ ግን እኛ ስውር ደንበኞቹ የምንጠብቀው ነገር የለም። እኔ ከሠራሁባቸው አፖች አብዛኞቹ ላይ ከ«ላክ» አጠገብ «በረቂቅ አስቀምጥ» የምትል ቁልፍ አለች። ሰዓቱን ጻፉ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሱ፣ ሠራተኛው በዚያች ደቂቃ ምን እያደረገ እንደነበር በሁለት ቃል አስፍሩ፤ ከዚያ ያቺን ቁልፍ ተጫኑና ወደ ቤታችሁ ንዱ። ፎርሙን የሚዘጋባችሁ አፕ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ለስኬጁለሯ መልሱላት፤ ለምን እንደመለሳችሁትም ጻፉላት። እኔ ባለፈው ወር ሁለት መልሻለሁ። አንዱን ክፍያ ጨምራ፣ እስከ ማግስቱ ጧት ጊዜ ሰጥታ መልሳ ላከችልኝ።